አህጉራት ይጓዛሉ የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ

አህጉራት በአንድ ቦታ የረጉ አይደሉም የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የፈለቀው ድንጋይ ከሚመረምሩ ሰዎች ሳይሆን ካርታ ከሚሠሩ ሰዎች ነው። የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍና የአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ መመሳሰላቸውን ለማየት ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ በቅጡ ተስለው መገኘት ነበረባቸው። ይህ የሆነው መርከበኞች አትላንቲክን ደጋግመው ካቋረጡ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ግን ካርታ የዘረጋ ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር፤ ወደ ምሥራቅ የወጣው የብራዚል ጉብታ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ይመስላል።

በጽሑፍ ከታወቁት ቀዳሚው የአንትወርፑ ካርታ ሠሪ አብርሃም ኦርቴሊየስ ነው። በ1570 ያሳተመው የካርታ ስብስብ የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1596 በወጣው የመልክዐ ምድር መዝገበ ቃላቱ ደግሞ፣ ፕላቶ ስለ ተረከላት ስለ አትላንቲስ ሲያወሳ፣ ያች ምድር ሰጠመች ከማለት ይልቅ አሜሪካ በመሬት መንቀጥቀጥና በጎርፍ ከአውሮፓና ከአፍሪካ ተገንጥላ ሄደች ማለት እንደሚሻል ጻፈ። ማስረጃ ያደረገውም የጠረፎቹን ቅርጽ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከንም በ1620 የሁለቱ አህጉራት ቅርጽ መመሳሰል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን እንደማይችል ጠቁሟል። ብዙ መጻሕፍት ቤከንን ከሐሳቡ አባቶች ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ተንቀሳቀሱ ብሎ አልጻፈም። ማስተዋልና ማብራራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሁለቱ መካከል የሦስት መቶ ዓመት ርቀት አለ።

በ1858 ፓሪስ ውስጥ አንቶኒዮ ስናይደር-ፔሌግሪኒ ስለ ፍጥረት ምሥጢር በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ካርታዎችን ጎን ለጎን አወጣ። በአንዱ አሜሪካና አፍሪካ ተጣብቀዋል፣ በሌላው ተለያይተዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የድንጋይ ከሰል ውስጥ የተገኙት የዕፅዋት ቅሪቶች አንድ ዓይነት መሆናቸውንም አስተውሏል፤ ይህም ከቅርጽ መመሳሰል አልፎ የሄደ ማስረጃ ነበር። ነገር ግን አህጉራቱን የለያየው ኃይል የኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ ነው አለ። የዘመኑ የሥነ ምድር ምሁራን ደግሞ የጥፋት ውሃን ከሙያቸው ለማስወጣት ብዙ ታግለው ገና እፎይ ያሉበት ጊዜ ስለነበረ፣ መጽሐፉን ከቁም ነገር የጣፈው አልነበረም።

ምሁራኑ ስለ ተራሮችና ስለ ውቅያኖሶች የራሳቸው የሆነ፣ እርስ በርሱ የተሳሰረ ማብራሪያም ነበራቸው። ምድር ስትጀምር የጋለች ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እየቀዘቀዘች ነው፤ የሚቀዘቅዝ ነገር ደግሞ ይኮማተራል። ውስጧ ሲኮማተር ቅርፊቷ ስለሚሰፋባት ይጨማደዳል። የተሸበሸበው ተራራ፣ የተደረመሰው ውቅያኖስ ይሆናል። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያደራጀው የቪየናው ኤድዋርድ ዙስ ነው። ዙስ «የምድር ገጽ» በተሰኘው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራው፣ ግሎሶፕተሪስ የሚባለው ምላስ መሰል ቅጠል ያለው የጥንት ተክል በሕንድም በደቡብ አፍሪካም መገኘቱን አይቶ፣ እነዚህ ምድሮች በአንድ ወቅት አንድ ታላቅ አህጉር እንደነበሩ ደመደመ። ስሙንም በመካከለኛው ሕንድ ካለው የጎንድ ሕዝብ አገር ወስዶ ጎንድዋና አለው። ጎንድዋና የሚለው ስም ዛሬም የሚሠራ ሲሆን፣ ዙስ የሰጠው ማብራሪያ ግን ወድቋል። በእሱ እምነት አህጉራቱ ንቅንቅ አላሉም፤ በመካከላቸው የነበረው ምድር ነው ተደርምሶ ወደ ባሕር የገባው።

ሌሎችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። አንድ ዓይነት እንስሳ ወይም ተክል ከውቅያኖስ ወዲያና ወዲህ በተገኘ ቁጥር፣ በመካከሉ የየብስ ድልድይ ነበረ፣ በኋላም ሰጠመ ይባላል። የማዳጋስካርን ሌሙሮች በሕንድ ካሉት ዘመዶቻቸው ጋር ለማገናኘት እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፊሊፕ ስክሌተር በ1864 ሌሙሪያ የሚባል የሰጠመ አህጉር እስከ መሰየም ደርሷል። ድልድዮቹ እየበዙ ሄደው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በወረቀት ላይ ያልተሻገሩት ውቅያኖስ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህን ሕንጻ ያናጉት ሁለት ግኝቶች የመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከሕንድ የመሬት ቅየሳ የተገኘ ነው። እንግሊዛውያን ቀያሾች በሂማሊያ ግርጌ ቱንቢያቸውን ሲያንጠለጥሉ፣ የተራራው ግዙፍ አካል ወደ ራሱ ይስበዋል ተብሎ ከታሰበው በጣም ያነሰ ብቻ ዘንበል አለ። ጆርጅ ኤሪና ጆን ፕራት በ1855 ለዚህ መልስ ሲፈልጉ፣ በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ተራሮችና አህጉራት ከሥራቸው ካለው አለት በሚቀል ነገር የተሠሩና በላዩ ላይ የተንሳፈፉ ያህል ናቸው ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። ይህ እውነት ከሆነ ቀላል የሆነ አህጉር ከባድ ወደሆነው የውቅያኖስ ወለል ሊሰጥም አይችልም፤ የየብስ ድልድዮቹም ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። ሁለተኛው ግኝት ራዲዮአክቲቭነት ነው። ሄንሪ ቤክሬል ክስተቱን በ1896 ካገኘ በኋላ፣ በምድር አለቶች ውስጥ ያሉት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሳያቋርጡ ሙቀት እንደሚያመነጩ ታወቀ። ምድር እንደታሰበው በፍጥነት እየቀዘቀዘች ካልሆነ ደግሞ መኮማተሯ ተራሮችን ሁሉ ለመሥራት አይበቃም።

ስለዚህ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሮጌው ማብራሪያ ተሰንጥቆ ነበር፤ የሚተካው ግን አልተገኘም። አሜሪካዊው ፍራንክ ቴይለር በ1908 ባቀረበውና በ1910 በታተመው ጥናት፣ የእስያና የአውሮፓ ረዣዥም የተራራ ሰንሰለቶች የተሠሩት አህጉራት ወደ ወገብ ምድር ሲንሸራተቱ በፊታቸው ያለውን ገፍተው ነው አለ። ስለ ተራሮቹ የነበረው ዕይታ ስለታም ነበር። ሲገፋቸው የነበረው ግን ጨረቃ በምድር ስበት ስትያዝ የፈጠረችው የማዕበል ኃይል ነው ማለቱ የሚያምነው አሳጣው።

ሐሳቡን ከመላ ምት ወደ ሳይንሳዊ ክርክር ያወጣው አልፍሬድ ቬገነር ነው። ቬገነር በ1880 በርሊን ተወለደ፤ በ1905 የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በሥነ ፈለክ ሲሆን፣ ሙያው ያደረገው ግን የአየር ሁኔታ ጥናትን ነው። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሎን ከ52 ሰዓት በላይ በአየር ላይ በመቆየት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ወደ ግሪንላንድ ከተጓዘ የዴንማርክ የጥናት ቡድን ጋር ሄዶ ሁለት ክረምት በበረዶ ውስጥ አሳለፈ። ሲመለስ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። የሥነ ምድር ትምህርት በመደበኛነት አልተማረም፤ ይህም በኋላ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ተወርውሮበታል።

በ1910 የገና ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባው የተሰጠውን አዲስ አትላስ ሲያገላብጥ የአትላንቲክ ጠረፎች መግጠም ዐይኑን ሳበው። ካርታው የባሕሩን ጥልቀትም ያሳይ ስለነበር፣ የውሃ ዳሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ከውሃ በታች ያሉት የአህጉራቱ እውነተኛ ጠርዞች እንደሚገጥሙ አየ። ያን ጊዜ ግን ነገሩን ብዙ አልገፋበትም። በቀጣዩ ዓመት መጸው፣ በብራዚልና በአፍሪካ የሚገኙ ቅሪተ አካላት ስለ መመሳሰላቸው የሚያወሳ ጽሑፍ በአጋጣሚ እጁ ገባ። ጽሑፉ መመሳሰሉን ያብራራው እንደ ልማዱ በሰጠመ የየብስ ድልድይ ነበር። ቬገነር ግን የስበት ጥናት ውጤቶችን ያውቃልና አህጉር እንደማይሰጥም ተረድቷል። ድልድዩ ሊኖር ካልቻለ፣ እንስሳቱ ደግሞ ባሕር ካልተሻገሩ፣ የቀረው አማራጭ ራሳቸው ምድሮቹ ተያይዘው ነበር የሚለው ነው።

ጥር 6 ቀን 1912 ፍራንክፈርት በሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም በሥነ ምድር ምሁራን ፊት ሐሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበ፤ ከአራት ቀን በኋላም ማርቡርግ ላይ ደገመው። በዚያው ዓመት ጽሑፉ ታተመ፤ እሱም ወዲያው ወደ ግሪንላንድ ተመለሰና ከዴንማርካዊው ዮሐን ፔተር ኮክ ጋር ሆኖ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር በበረዶ ላይ አቋረጠ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ዘምቶ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። «የአህጉራትና የውቅያኖሶች አመጣጥ» የተሰኘው መጽሐፉ በ1915 የወጣው በዚያ መሐል ነው፤ 94 ገጾች ብቻ ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነበር። በ1920፣ በ1922 እና በ1929 እያሻሻለና እያሰፋ ደጋግሞ አሳተመው።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ከአንድ ማስረጃ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ማስረጃ ለብቻው ሌላ ምክንያት ሊሰጠው ይችል ነበር። ቬገነር ግን የሥነ ምድር ሰው፣ የቅሪተ አካል ሰው፣ የአየር ንብረት ሰው በየቤቱ የያዘውን ሰብስቦ፣ ሁሉም ወደ አንድ መልስ እንደሚያመለክት አሳየ። ሜሶሳውረስ የሚባል፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ውሃ ውስጥ የሚኖር ተሳቢ እንስሳ ቅሪቱ የተገኘው በደቡባዊ አፍሪካና በብራዚል አካባቢ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ፍጥረት አትላንቲክን ዋኝታ ተሻገረች ብሎ ማሰብ ያዳግታል። ከኬፕታውን በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የተጣጠፈ የተራራ ሰንሰለት ደርሶ ባሕር ላይ ይቋረጣል፤ ተመሳሳዩ ደግሞ በአርጀንቲና ከቦነስ አይረስ በስተ ደቡብ ይገኛል። የስኮትላንድና የኖርዌይ ጥንታዊ ተራሮችም በሰሜን አሜሪካ ካሉት የአፓላሺያን ተራሮች ጋር ይቀጥላሉ። ቬገነር ራሱ ነገሩን በተቀደደ ጋዜጣ መስሎታል፤ የቁራጮቹ ጠርዝ መግጠም ብቻውን አያሳምንም፣ የታተሙት መስመሮች ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሳይቋረጡ ከተነበቡ ግን ወረቀቱ አንድ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአየር ንብረት ማስረጃው ነው፤ ቬገነርም በሙያው የረገጠው መሬት ይኸው ነበር። ዛሬ ሞቃት በሆኑት በሕንድ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በብራዚልና በአውስትራሊያ ከዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ታላላቅ የበረዶ ግግሮች አለቱን ቧጥጠው፣ ፍርስራሹን ተሸክመው እንዳለፉ የሚያሳይ ምልክት አለ። በዚያው ዘመን የዛሬዋ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ የድንጋይ ከሰል የሆነውን ለምለም ረግረጋማ ደን ያበቅሉ ነበር። አህጉራቱ ዛሬ ባሉበት ከነበሩ፣ በረዶው በወገብ ምድር አካባቢ፣ ደኑ በሰሜን ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ሊሆን አይችልም። የደቡቡን ምድሮች በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ካሰባሰቧቸው ግን የተበታተኑት ምልክቶች አንድ የበረዶ ክዳን ይሆናሉ። ይህን ሥራ ከአማቱ፣ የዓለምን የአየር ጠባይ በመመደብ ከሚታወቀው ከቭላዲሚር ኮፐን ጋር አስፋፍቶ በ1924 አሳትሟል። እነዚያ ሁሉ ምድሮች ተሰባስበው የሠሩት አንድ ታላቅ አህጉር በኋላ ፓንጌአ በሚል ስም ታወቀ።

አንታርክቲካም የዚሁ አካል እንደነበረች የሚያመለክት ማስረጃ የተገኘው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በብርድና በረሃብ ያለቁት የሮበርት ስኮት ቡድን አባላት እስከ መጨረሻው ሳይጥሉት የጎተቱት 16 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ ነበር። አስከሬናቸው ሲገኝ ድንጋዩም አብሮ ተገኘ፤ በውስጡም የግሎሶፕተሪስ ቅጠል አሻራ ነበረበት።

ቬገነር ስለ ኢትዮጵያም የሚለው ነበረው። ዓረቢያን መልሶ ከአፍሪካ ጋር ሲያጋጥም የቀይ ባሕር ሁለት ዳሮች ይገጥማሉ። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ግን ትርፍ ሆኖ ይቀራል፤ ዓረቢያ ማረፍ በሚገባት ቦታ ላይ ተቀምጧልና። እሱም መሬቱ በአዳዲስ የእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህ ክፍል የጥንቱ አህጉር አካል ሳይሆን ከመለያየቱ ጋር የመጣ ነው ሲል አብራራው። አፋርን አንድም ቀን ሳይረግጥ የሰጠው ይህ ግምት በኋላ ከተደረጉት ጥናቶች ጋር በዋናው ነገር ይስማማል።

ይህን ሁሉ ይዞ ለምን ተቀባይነት አጣ? የቬገነር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ብልህ ብቸኛ ሰው በደንቆሮ ጉባኤ እንደተፈረደበት ተደርጎ ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። አህጉራትን የሚገፋው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ በእርግጥ ስሕተት ነበር። ምድር በመሽከርከሯ የተነሣ አህጉራትን ከዋልታ ወደ ወገብ ምድር የሚገፋ ትንሽ ኃይል አለ፤ የጨረቃና የፀሐይ ስበትም ወደ ምዕራብ ይጎትታቸዋል ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ሃሮልድ ጀፍሪስ ሲያሰላው እነዚህ ኃይሎች ከሚያስፈልገው እጅግ በጣም ያነሱ ሆኑ። አህጉርን የሚገፋ የጨረቃ ስበት ቢኖር ኖሮ ምድርን ራሷን ከመሽከርከር በዓመት ውስጥ ባቆማት ነበር። ደግሞም ቀላሉ የአህጉር አለት ጠንካራውን የውቅያኖስ ወለል ሰንጥቆ እንዴት ይጓዛል? ጀፍሪስ በዚህ ሁሉ ትክክል ነበር። የተሳሳተው፣ ይህኛው ኃይል ካልሆነ ሌላ ኃይል ሊኖር አይችልም ብሎ በመደምደሙ ነው።

ቬገነር በቁጥርም ራሱን ጎድቷል። በተለያዩ ዓመታት የተለካውን የግሪንላንድ ኬንትሮስ አነጻጽሮ ደሴቲቱ ከአውሮፓ በዓመት በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር ፍጥነት እየራቀች ነው አለ። የዘመኑ መለኪያ ለዚህ የሚበቃ አልነበረም፤ እውነተኛው ፍጥነት ዛሬ እንደሚታወቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በ1926 ኒው ዮርክ ላይ የነዳጅ ጂኦሎጂስቶች ማኅበር በጉዳዩ ላይ ባካሄደው ጉባኤ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ተቃወሙት። ይህን መቀበል የሰባ ዓመት ትምህርትን ረስቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው የሚል ስሞታም ተሰምቷል፤ ስሞታው ሳይንሳዊ መልስ ባይሆንም እውነተኛውን ፍርሃት ይናገራል። ከጦርነቱ ማግስት ሐሳቡ የጀርመን መሆኑም በእንግሊዝና በአሜሪካ አልረዳውም።

ቬገነር የነገሩን ፍጻሜ አላየም። በ1930 የራሱን ቡድን መርቶ ለሦስተኛ ጊዜ በግሪንላንድ ለመክረም ሄደ። ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ በበረዶው መሐል ለተተከለው የጥናት ጣቢያ ስንቅ ሊያደርስ ሄዶ፣ ኅዳር 1 ቀን፣ ሃምሳ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ራስሙስ ቪሉምሰን ከሚባል ወጣት ግሪንላንዳዊ ጋር የመልስ ጉዞ ጀመረ። አስከሬኑ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት በበረዶው ውስጥ በጥንቃቄ ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሐሳቡ ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በአውሮፓ መሳቂያ ሲሆን፣ ደቡቡን ንፍቀ ክበብ በእግራቸው የሚያውቁት ሰዎች ግን አልተዉትም። ደቡብ አፍሪካዊው አሌክሳንደር ዱ ቶይት በ1923 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጉዞ የሁለቱን አህጉራት አለት ከንብርብር እስከ ንብርብር አነጻጸረ። በ1927 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ባገሩ ያወቃቸውን ንብርብሮች በብራዚልና በአርጀንቲና እንዳገኛቸው በዝርዝር አሳየ። በ1937 ያወጣውን ሌላ መጽሐፉን ለቬገነር መታሰቢያ አድርጎታል። ስለ ኃይሉ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሰጠው ደግሞ እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ነው። የአለቶችን ዕድሜ በራዲዮአክቲቭነት በመለካት የታወቀው ሆምስ በ1928 ግላስጎው ውስጥ ባቀረበው ንግግር፣ ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል የሚባለው ክፍል ጠጣር ቢሆንም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በሙቀት ኃይል ቀስ ብሎ እንደሚፈስ፣ የጋለው ወጥቶ የቀዘቀዘው እንደሚወርድ፣ አህጉራትም በዚህ ፍሰት እንደሚወሰዱ ገለጸ። እሱም ቢሆን ሐሳቡን በጥርጣሬ ነበር ያቀረበው፤ ማረጋገጫው ከባሕር በታች ነበርና።

የውቅያኖስ ወለል የምድርን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ምን እንደሚመስል በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለኩ መሣሪያዎች የመረጃ ጎርፍ አመጡ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የላሞንት የምርምር ማዕከል ማሪ ታርፕና ብሩስ ሂዘን ይህን መረጃ ወደ ካርታ መቀየር ያዙ። ታርፕ ሴት በመሆኗ በምርምር መርከቦቹ ለመሳፈር ለዓመታት አልተፈቀደላትም፤ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ቁጥሮቹን ትስላለች። በ1952 ገደማ የአትላንቲክን ወለል መስቀለኛ ገጽታዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጥ፣ በመሐሉ የሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ጥልቅ ሸለቆ አየች። ሂዘን አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ እንደ ማለት ስለሆነበት የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። ከዚያ አንድ ሌላ ባልደረባቸው የውቅያኖስ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻዎችን በካርታ ላይ ሲያሰፍር ነጥቦቹ በዚያ ሸለቆ ላይ ተደረደሩ። ሸለቆው ወደ የብስ የሚወጣበትን ሲከታተሉም ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር የሚመሳሰልና የሚያያዝ ሆኖ አገኙት። ምድር እየተከፈተች ያለችበት ቦታ በውቅያኖስ መሐል ሲሆን ከባሕር ሥር ይደበቃል፤ በኢትዮጵያና በኬንያ ግን ሰዎች ያርሱበታል፣ ከብት ያሰማሩበታል።

በጦርነቱ ጊዜ የመርከብ አዛዥ ሆኖ የፓስፊክን ወለል ሲለካ የኖረው የፕሪንስተኑ ሃሪ ሄስ በ1962 በታተመው ጽሑፉ ነገሩን አገናኘው። በውቅያኖስ መሐል ባሉት ሰንሰለቶች ላይ ቀልጦ የሚወጣው አለት አዲስ ወለል ይሆናል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይርቃል፣ በመጨረሻም በጥልቅ የባሕር ገደሎች ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ዕይታ የጀፍሪስ ጥያቄ ራሱ ይጠፋል፤ አህጉር የባሕሩን ወለል ሰንጥቆ አይሄድም፣ ከወለሉ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ። ሄስ ማስረጃው ገና በመሆኑ ጽሑፉን ግጥም ቢጤ አድርጋችሁ ውሰዱት ሲል አስጠንቅቋል። ሮበርት ዲትዝም በ1961 ተመሳሳይ ሐሳብ አሳትሞ «የባሕር ወለል መስፋፋት» የሚለውን ስያሜ ሰጠው።

ማረጋገጫው በማግኔት መጣ። ቀልጦ የወጣ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት በዚያ ቅጽበት ያለውን የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ይህ አቅጣጫ ደግሞ በምድር ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል፤ የመጨረሻው መገልበጥ የሆነው ከዛሬ 780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የካምብሪጆቹ ፍሬድሪክ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ በሕንድ ውቅያኖስ ሰሜን ምዕራብ ካለው የካርልስበርግ ሰንሰለት የተለካውን መረጃ ይዘው በ1963 አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ወለሉ በእርግጥ ከመሐል እየወጣ የሚሰፋ ከሆነ፣ በሰንሰለቱ ግራና ቀኝ መግነጢሳዊ አቅጣጫቸው የሚፈራረቅ ተመሳሳይ ሸንተረሮች መገኘት አለባቸው። ካናዳዊው ሎውረንስ ሞርሊም በዚያው ዓመት ይህንኑ ጽፎ ሁለት መጽሔቶች መልሰውበታል። የቫይንና የማቲውስ ጽሑፍ ሲወጣም ብዙ አላነጋገረም። በ1966 ግን ኤልታኒን የተባለችው የምርምር መርከብ ከደቡብ ፓስፊክ ያመጣችው ልኬት ሲታይ፣ የሸንተረሮቹ ግራና ቀኝ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። ለግማሽ ክፍለ ዘመን የቆየው ክርክር በዚህ አንድ ምስል ፊት ባጭር ጊዜ ውስጥ አለቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀሪው በፍጥነት ተከተለ። ካናዳዊው ቱዞ ዊልሰን፣ ቀጥሎም ዳን መኬንዚ፣ ጄሰን ሞርጋንና ዣቪየር ለ ፒሾን በ1965 እና በ1968 መካከል ባወጧቸው ሥራዎች የምድር ገጽ በጥቂት ጠንካራ ንጣፎች የተከፋፈለ መሆኑንና አህጉራት በነዚህ ላይ የተጫኑ መሆናቸውን አሳዩ። ፕሌት ቴክቶኒክስ የሚባለው ይህ ነው። የንጣፎቹን ድንበር ለመለየት የረዳው ከመላው ዓለም የተሰበሰበ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡን ያስገኘው የጣቢያዎች መረብ በዋነኛነት የተዘረጋው ከመሬት በታች የሚደረጉ የኑክሌር ሙከራዎችን ለመከታተል ነበር። ከጣቢያዎቹ አንዱ አዲስ አበባ ላይ ተተክሏል።

ቬገነር በግሪንላንድ ሊለካው የሞከረው እንቅስቃሴ በቀጥታ የተለካው በ1980ዎቹ፣ ከሩቅ የሰማይ አካላት የሚመጡ የሬዲዮ ሞገዶችን በአውሮፓና በአሜሪካ በሚቀበሉ ጣቢያዎች ነው። ዛሬ በሳተላይት የቦታ መለኪያ ማንኛውም የዘርፉ ባለሙያ ሊለካው ይችላል። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ዓረቢያ ከአፍሪካ የምትርቀው ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ነው። ሁልጊዜም ዝግ ብሎ አይሄድም። በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በሳምንታት ውስጥ ተከፍቶ በሰፊው ቦታ 8 ሜትር ድረስ ተለያየ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መዝግበውታል።

ቬገነርን ያሸነፈው የኃይል ጥያቄ ዛሬ አብዛኛው መልስ ተገኝቶለታል። ከሰንሰለቱ እየራቀ የሚሄደው የባሕር ወለል ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳልም፤ ጥልቅ ገደል ዘንድ ሲደርስ በክብደቱ ወደ ማንትል ይሰጥማል፣ ሲሰጥምም ከኋላው ያለውን ንጣፍ ይጎትታል። የምድር መቀዝቀዝ ተራሮችን ይሠራል ያሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎችም መንገዱን ሳቱ እንጂ ምንጩን ፈጽሞ አልሳቱም። ጠርዙ በሰፊው የሚሰጥመው የፓስፊክ ንጣፍ በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ እምብዛም የሌለው የአፍሪካ ንጣፍ የሚጓዘው 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው።